ይሰማል ግን አይሰማም

የመጀመሪያውን ሰ አላልታችሁ፣ ሁለተኛውን አጥብቃችሁ አንብቡት። እዚህ ጎንደር ወደ እኔ ከሚመጡት ሲቢ ሬዲዮዎች፣ ማለትም ከመኪና መኪና መነጋገሪያዎች፣ የአብዛኞቹ በሽታ ይኸው ነው። ሹፌሩ ጓደኞቹ ሲያወሩ ጥርት አድርጎ ይሰማል። እሱ ሲናገር ግን ለማንም አይሰማም። "ተበላሽቷል" ይልና ሬዲዮውን ይነቅለዋል። ሌላ ይገዛል። እሱም ያው። ሁለት ገዝቶ ሦስተኛውን ሊገዛ ሲል የመጣብኝ ሰው አለ።

ሬዲዮው ደህና ነው። የጠፋው ማሳ ነው፣ ማለትም ከመኪናው ብረት ጋር ያለው የኤሌክትሪክ ግንኙነት።

ፊውዝ፣ ባትሪና የማይክ ሶኬት አይታችኋል ብዬ ነው የምቀጥለው። ያላያችሁ አይታችሁ ተመለሱ።

ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር። "ደብቀህ ግጠምልኝ" የሚለኝ ደንበኛ ብዙ ነው። ይገባኛል። ሌባ አለ፣ አቧራ አለ፣ ያየውን ቁልፍ ሁሉ ካልነካ የማያስችለው ረዳት አለ። ከፍተሻ ለመደበቅ ከሆነ ግን እኔ የለሁበትም። መገናኛ ሬዲዮ ፈቃድ ይፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት ይህን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ወረቀቱ ከሊብሬው ጋር ይቀመጥ። ኬላ ላይ ወረቀት የሌለው ሬዲዮ ከክሩስኮት ጀርባ ሲወጣ "ለቱሪስት ነው" ማለት አያዋጣም።

ምልክት፦ ይሰማል፣ ሲናገር አይደርስም

ለመስማት ምንም ዓይነት ሽቦ ይበቃል። የተንጠለጠለ ሚስማርም ትንሽ ይሰማል። ለመናገር ግን አንቴናው ልኩን መሆን አለበት። ሲቢ የሚሠራው 27 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። እዚያ ላይ የአንድ ሞገድ ርዝመት 11 ሜትር ገደማ፣ ሩቡ 2 ሜትር ከ75 ይሆናል። ያን የሚያህል ዘንግ ላንድክሩዘር ላይ አቁሞ ከዛፍ ሥር የሚያልፍ የለም። ስለዚህ ዘንጉ ያጥርና ሽቦ ይጠመጠምበታል። እስከዚህ ሁሉም ያውቃል። የማያውቁት ይህ ነው፦ ዘንጉ የአንቴናው ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ የመኪናው ላሜራ ነው። ዘንጉን የያዘው ብረት ከላሜራው ጋር በደንብ ካልተገናኘ ግማሽ አንቴና ይዛችሁ ነው የምትጮኹት።

ጥምቀት ሊደርስ ሲል ነበር። ሦስት ላንድክሩዘር ቱሪስት ይዘው ወደ ሰሜን ተራሮች ሊወጡ ነው። ተራራው ላይ የስልክ ኔትወርክ ስለማይታመን ሦስቱም ሬዲዮ አላቸው። የፊተኛው መኪና ሹፌር በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። "ልጄ፣ ይኸ ዕቃ ንቆኛል" አሉኝ። "የእነሱን ወሬ ሁሉ ያመጣልኛል። የኔን አያደርስም።"

"ጋሼ፣ ፖርቶመጋላውን መቼ አስቀቡት?" አልኳቸው።

"ለበዓሉ ነዋ፣ ባለፈው ሳምንት። ምነው?"

አንቴናውን የሚይዘው ብራኬት ፖርቶመጋላው ላይ ነው የታሰረው። ፖርቶመጋላው በጥቁር ቀለም ተለቅልቋል። እግሮቹ ደግሞ ጣሪያውን እንዳይጭሩ ጎሚኒ ተደርጎላቸዋል። ተስተሩን ኦም ላይ አድርጌ አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ብራኬቱ ላይ አስነካሁ። በግራ በኩል ያቺ ብቸኛ 1 ቁጥር መጣች። ልብ በሉ፣ ርካሽ ተስተር ላይ እሷ 1 ኦም ማለት አይደለችም። መንገድ የለም ማለት ናት። በእሷ ተታሎ "ማሳው ሰላም ነው" ያለ ባለሙያ አውቃለሁ። ባለሙያ ካልነው።

የሠራሁት ይህን ነው። ብራኬቱን ፈታሁ። ከፖርቶመጋላው ጋር የሚነካካበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁት። ጫር ጫር ማድረግ አይደለም፤ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ቦታ እንደ መስታወት እስኪያበራ ድረስ ነው። ጥርስ ያለው ሮንዴላ አስገባሁ። ብሎኑ ሲጠብቅ ጥርሱ ብረቱን ይነክሳል፤ ለስላሳው ሮንዴላ ግን ሲንቀጠቀጥ ይላላል። ከዚያ ከብራኬቱ እስከ መኪናው አካል የተጎነጎነ ጠፍጣፋ መዳብ ዘረጋሁ። አጭር መሆን አለበት፣ ከ30 ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ቀጭን ረጅም ሽቦ ለተስተር ማሳ ነው፣ ለሬዲዮ ሞገድ ግን አይደለም። ተስተሩ ዜሮ አሳይቷችሁ ሬዲዮው እምቢ ካለ ጥፋቱ እዚህ ነው። በመጨረሻ ብሎኑ ላይ ግራሶ፣ ከላይ ቀለም። ከላይ ነው ያልኩት። ከሥር አይደለም። ለጋሼ ሁለት ጊዜ ነገርኳቸው፣ ለናንተም እየደገምኩ ነው። የፋቃችሁትን ሳትቀቡ ብትተዉት ደግሞ ክረምቱ ያዝገዋል፣ መስከረም ላይ ተመልሳችሁ ትመጣላችሁ።

ለካሁት። ከ3 በላይ የነበረው 1.4 ሆነ።

ይህ ቁጥር ምንድን ነው ለምትሉ፣ ኤስ ደብሊው አር ይባላል። ከሬዲዮው ወጥቶ አንቴናው ያልተቀበለውን፣ ተመልሶ የሚመጣውን ኃይል ነው የሚነግራችሁ። 1.5 ላይ 4 በመቶ ይመለሳል፣ ምንም አይደለም። 2 ላይ 11 በመቶ፣ ያስኬዳል። 3 ላይ ሩቡ ይመለሳል። የሲቢ ጉልበት በኤኤም 4 ዋት ነው፣ ከዚያ ላይ የሚጣል ሩብ የለንም። የሚመለሰውም በከንቱ አይቀርም፣ የሬዲዮውን የመጨረሻ ትራንዚስተር ያሞቀዋል። ከ3 በላይ ካያችሁ ማይኩን ልቀቁ። "እስኪ አንዴ ልሞክር" የለም።

ሁለተኛው መልኩ የኋላ በር ነው። ደንበኛው አንቴናው እንዳይታይ ከተጠባባቂ ጎማው ጀርባ አስደርጎታል። ሐሳቡ ደህና ነው፣ ከሩቅ አይታይም። እስከ ደባርቅ፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ላይ፣ ምንም አልሆነም። የፓርኩን ኮረኮንች ይዞ ወደ ሳንቃበር ሲወጣ መቆራረጥ ጀመረ። ሲመለስ ጎንደር ላይ ደግሞ ደህና! በሩ ማሳ የሚያገኘው በማጠፊያው ብቻ ነበር። ማጠፊያው ግራሶና አቧራ ነው። ሲንገጫገጭ ይነካል፣ ይለቃል። ከበሩ ወደ አካሉ ያንኑ የተጎነጎነ መዳብ፣ በሩ ሲከፈት እንዳይበጠስ ትንሽ አልልቼ አሰርኩለት። አለቀ። ለዚህች መዳብ ነው አንድ ሳምንት ሙሉ ሬዲዮውን ሲያስፈትሽ የከረመው።

ሦስተኛውን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። ሰውየው ዘንጉን አጋድሞ ከፖርቶመጋላው ብረት ሥር አሳስሮታል። ምንም አይታይም። ምንም አይሠራምም። ዘንግ በብረት መካከል ተኝቶ አንቴና አይሆንም። ቢያንስ ግማሹ ከጣሪያው በላይ ነጻ ይቁም። በመኪናው ቴፕ አንቴና ሁለቱንም እንሠራለን ብለው ማከፋፈያ የሚሸጡም አሉ፤ እሱን በነጻ ቢሰጧችሁም ተዉት።

መደበቅ ከፈለጋችሁ በእጅ የሚፈታ ዘንግ ግዙ። ማታ ፈትታችሁ ከወንበር ጀርባ ታስቀምጡታላችሁ። ግን ዘንጉ ሳይኖር ማንም ማይክ እንዳይጫን! አንድ ረዳት ሆቴል ግቢ ውስጥ ዘንጉ ተፈትቶ እያለ "ሀሎ፣ ሀሎ" እያለ ሲጫወትበት አድሮ ትራንዚስተሩን አቃጥሎታል። ዘንግ ስትፈቱ የሬዲዮውንም ፊውዝ ንቀሉ።

ልክ አወጣጡ

የምለካው ከከተማ ወጥቼ፣ ወደ ቆላ ድባ በሚወስደው መንገድ ሜዳ ላይ ነው። ጋራዥ ውስጥ ቆርቆሮውና ጎረቤት መኪናው ቁጥሩን ያበላሹታል። በሩም ኮፈኑም ይዘጋ፣ አጠገቡ ሰው አይቁም። ቻናል 1፣ 20 እና 40 ላይ ኤስ ደብሊው አሩን ለኩ። ቻናል 1 ላይ ከ40 ከበለጠ ዘንጉ አጥሯል፣ አርዝሙት። 40 ላይ ከበለጠ ረዝሟል፣ አሳጥሩት። ሦስቱም ላይ እኩል ከፍ ካለ ዘንጉን አትንኩ፣ ወደ ማሳው ተመለሱ። ዘንጉን በመጋዝ ሲቆርጥ ሲቆርጥ የጨረሰ ልጅ አለኝ፣ ዛሬም እኔው ጋ ይሠራል።

ምልክት፦ ማሳው ሰላም ነው፣ ቁጥሩ ግን አይወርድም

ከሬዲዮው ወደ አንቴናው የሚሄደው ኬብል ነው። ደብቀው ሲያስገቡት በር ይነክሰዋል፣ የወንበር ሐዲድ ይቆርጠዋል። ጫፉ ላይ ያለውን፣ ፒኤል 259 የሚባለውን ማገናኛ ክፈቱት። ከመዳብ ሽፋኑ የተበተነች አንዲት ፀጉር የምታህል መዳብ መካከለኛውን ሽቦ ከነካች አለቀ። ዘንጉን ፈትታችሁ ከመካከለኛው እስከ ውጪው ለኩ፣ መገናኘት የለበትም። አንዳንድ አንቴና ግን ከሥሩ ባለው ጥቅል ሽቦ የተነሣ ሲሠራ ጀምሮ የተገናኘ ነው፤ ኬብሉን ከአንቴናው ነጥላችሁ ካልለካችሁ ጤነኛውን ትጥሉታላችሁ። ገበያ ላይ ያለው ርካሽ ጫፍ ካውያ ሲነካው ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ሁለት አይግዙ፣ አንድ ደህናውን ይግዙ። የተረፈውን ኬብል እንደ ገመድ አጥብቃችሁ አትጠቅልሉት፣ ሰፋ አድርጋችሁ በ8 ቁጥር አስተኙት።

ምልክት፦ ሞተር ሲነሣ ይጮኻል

አንቴናውን ከሬዲዮው ንቀሉ። ጩኸቱ ከቀጠለ በኤሌክትሪክ መስመሩ ነው የሚገባው፤ ከጠፋ በአንቴናው ነው። ናፍጣ ሞተር ካንዴላ ስለሌለው የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ዲናሞ ነው። ነዳጅ ሲሰጡት ሲጥታው አብሮ ይቀጥናል። መፍትሔው ፖዘቲቩንም ኔጌቲቩንም በቀጥታ ከባትሪ ማምጣት ነው። ከሲጋራ መለኮሻው የተጠለፈ መስመር ዲናሞውን ወደ ጆሯችሁ ያመጣዋል። ሌላው ጥፋተኛ የስልክ ቻርጀርና ግንባር ላይ የሚደረደረው ርካሽ ኤልኢዲ መብራት ነው። አጥፉትና አዳምጡ። ብዙ ጊዜ ሥራው እዚያ ያልቃል።

መስመሩ ሞተር ክፍሉን አልፎ ሲገባ ጎሚኒ ይደረግለት። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን፣ ሬዲዮው አጠገብ አይደለም። ምንጣፍ ሥር የተደበቀ ሽቦ ፊውዝ ሳይኖረው ሲገናኝ የሚያሳውቃችሁ ጭሱ ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ

ሲናገሩ ሬዲዮው ጠፍቶ ይበራል፦ ሽቦው ቀጥኗል ወይም ጫፉ ዝጓል። ማይኩን ሲጫኑ ቮልቱ ከግማሽ ቮልት በላይ ከወረደ ሽቦውን ይቀይሩ።

ድምፁ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል፦ የአብዛኛው ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ሆዱ ላይ ነው፣ እናንተ ደግሞ ሆዱን ቀብራችሁታል። የውጪ ስፒከር ይደረግ። ቁልፉ በሙሉ ማይኩ ላይ ያለ ዓይነት ከገዛችሁ ሣጥኑ ከክሩስኮት ጀርባ ይገባል። ወንበር ሥር ግን አታድርጉት፣ ወንዝ ስትሻገሩ ውኃ ይገባል።

አይሱዙ ላይ ገጥመው ተቃጠለ፦ አይሱዙው 24 ቮልት ነው። ሬዲዮው 12። ከሁለቱ ባትሪ በአንዱ ላይ መጥለፍም መፍትሔ አይደለም፣ ያን ባትሪ ትገድሉታላችሁ። መቀነሻ ግዙ።

ሁለቱም ቻናል 14 ላይ ናቸው፣ አይግባቡም፦ አንዱ ኤኤም፣ ሌላው ኤፍኤም ላይ ነው። ከአሜሪካና ከአውሮፓ የመጣ ሲቀላቀል ያጋጥማል።

ሊማሊሞ ላይ ጠፋ፦ አልጠፋም። ኩርባው ጀርባ ያለው ጓደኛህና አንተ መካከል ያለው ድንጋይ ነው። ምንም አትፍታ፣ ኩርባውን ጨርሰህ ጥራው።