ሁለት ሪሞት የማይስማሙበት መኪና፦ የአላርም ችግርና መፍትሄ

የማወራው ከፋብሪካ ስላልመጣው፣ በየጋራዡ ስለሚገጠመው የመኪና አላርም ነው፤ ፊውዙ፣ ሽቦውና የሪሞቱ ባትሪ አስቀድመው ታይተዋል ብዬ እነሣለሁ። ስለ ባትሪ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አንዳንድ ሪሞቶች ሁለት ሲአር 2016 የሚባሉ ክብ ጠፍጣፋ ባትሪዎች ተደራርበውባቸው በ6 ቮልት የሚሠሩ ሆነው ሳለ፣ በውፍረት ከሁለቱ ጋር እኩል የሆነ አንድ ሲአር 2032 ተገጥሞባቸው ይመጡልኛል። ልክክ ብሎ ይገባል፤ የሚሰጠው ግን 3 ቮልት ብቻ ስለሆነ ሰውየው መኪናው ላይ ካልተለጠፈ በሩ አይከፈትለትም። ከዚያ «ሲንኩ ጠፍቷል»፣ ማለትም ሪሞቱና አላርሙ መናበብ አቁመዋል ተብሎ ገንዘብ ይጠየቃል። ባትሪ በመውጣቱ ሲንክ አይጠፋም፤ ሁለቱ የሚናበቡበት፣ ከታች የማስረዳው ቆጣሪ የሚቀመጠው ኃይል ቢቋረጥም በማይሰረዝ ማኅደር ላይ ነው።

ምልክት፦ አንዱ ሪሞት ሲሠራ ሌላው ይደነቁራል፤ የደነቆረው ደጋግመው ሲጫኑት ድንገት ይነሣል፤ እሱ ሲነሣ ደግሞ የመጀመሪያው ዝም ይላል።

ምክንያት፦ ሁለተኛው ሪሞት የመጀመሪያው ግልባጭ ነው። ኮዱን የሚቀያይር ሪሞት የራሱ መለያ ቁጥርና በተጫኑት ቁጥር አንድ አንድ የሚጨምር ቆጣሪ አለው። ኪሎክ በሚባለው፣ በብዙ አላርሞች ውስጥ በሚገኘው ዘዴ ቆጣሪው 65,536 እርምጃ ይዞራል፤ ሪሞቱ ቁጥሩን በምስጢር ቀይሮ ይልካል፣ መኪናው ውስጥ ያለው የአላርሙ መቀበያ ሳጥንም ፈትቶ መጨረሻ ከተቀበለው ጋር ያስተያየዋል። በተለመደው አሠራር እስከ 16 እርምጃ የቀደመውን ወዲያው ይቀበላል፤ ከዚያ በላይ የራቀውን ተከታትሎ ሁለት ጊዜ ሲጫኑት ይቀበላል፤ ወደ ኋላ የቀረውን ግን ፈጽሞ አይሰማም። ልጅ ሲጫወትበት የዋለ ሪሞት ሁለት ጊዜ ሲጫኑት የሚታረቀው ለዚህ ነው። ግልባጩ ግን የዋናውን መለያ ቁጥር ስለሚይዝ ሳጥኑ ሁለቱን እንደ አንድ ሪሞት ይቆጥራል፤ አንዱ ሲቀድም ሌላው ወደ ኋላ ይቀራል።

አንድ የኮሮላ ባለቤት ለሚስታቸው ሪሞት በማሽን አስገልብጠው ነበር። እሳቸው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በቀን ስድስት ጊዜ ሲጫኑ ቆጣሪያቸው 36 ደረሰ፤ የወይዘሮዋ ግን ከዜሮ አልተነሣም። እሑድ ወይዘሮዋ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ዝናብ ላይ ቆመው ሲጫኑ መኪናው የተከፈተላቸው በ37ኛው ነው። በዚያ ቀን ስምንት ጊዜ ጨምረው ተጠቀሙበት፤ ሰኞ ጠዋት የባልየው ሪሞት ዘጠኝ ጊዜ ተጭኖ ፍሬቻው ብልጭ አላለም፤ በአሥረኛው ሠራ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ሌላ ባለሙያ ደህናውን ሳጥን አውጥቶ ጥሎ፣ አዲስ ሸጦላቸው፣ በአዲሱም ላይ ያንኑ ግልባጭ ሠርቶ ሰጥቷቸው ነበር!

መፍትሄ፦ የራሱ መለያ ቁጥር ያለው፣ ከሳጥኑ ጋር አንድ ሥሪት የሆነ ሪሞት ገዝቶ በሳጥኑ የመመዝገቢያ ቁልፍ ማስመዝገብ ነው። እኔ አስቀድሜ ማኅደሩን ሙሉ በሙሉ አጠፋለሁ፤ የጠፋ ወይም የተሰረቀ ሪሞት ካለ የሚወገደው በዚህ ነው። ሲጠፋ ግን ሁሉም ስለሚጠፋ ቤት የቀረውን ሪሞት ሳይዙ አይምጡ። ብዙዎቹ ሳጥኖች የሚይዙት አራት ሪሞት ነው፤ አምስተኛው ሲመዘገብ የመጀመሪያውን ያስወጣል። የመኪናውን ባትሪ ፈትቶ መልሶ ማሰር ምንም አይለውጥም።

የተገለበጠው ሪሞት ከዋናው ጋር ሳይጣላ የሚሠራ ከሆነ ደንበኛው ይደሰታል፤ እኔ ግን የምፈራው ይህን ነው። ኮዱ አይቀየርም ማለት ነው። በርካሽ አላርሞች የሚገባው 1527 የሚባለው ቺፕ ባለ 20 ቢት ቋሚ መለያ ቁጥር ስለሚልክ፣ አጠገብዎ ቆሞ አንድ ጊዜ የቀዳ ሰው በፈለገው ቀን ይከፍትበታል። ጥገና የለውም፤ ሳጥኑን ከነሪሞቱ መቀየር ነው። «አዲስ ነው» ተብሎ በላስቲክ ታሽጎ ቢሸጥም ያው ነው።

ሪሞቱ ቤት ሲሠራ ውሎ አንድ የመኪና ማቆሚያ ላይ ብቻ እምቢ ካለ የሪሞቱ የሬዲዮ ሞገድ ታውኳል። ሆን ብሎ የሚያውክም አለ፦ አሜሪካዊው የደኅንነት ተመራማሪ ሳሚ ካምካር እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳየው መሣሪያ ሞገዱን እያወከ ለሳጥኑ ያልደረሰውን ኮድ ይቀዳል። ስለዚህ ደጋግመው አይጫኑ፤ በቁልፍ ቆልፈው እጀታውን ስበው ያረጋግጡ። ከቦታው ርቀው ሳጥኑ እየሰማ ሪሞቱን አንድ ጊዜ ሲጫኑ፣ የተቀዳው ኮድ ወደ ኋላ ስለሚቀር ዋጋ ያጣል።

ከሶማሌ ተራ በመልክ ብቻ ተመርጦ የተገዛ ሪሞት ምንም ካልሠራ፣ የሪሞቱና የሳጥኑ ሞገድ አንዱ 315 ሌላው 433.92 ሜጋኸርዝ እንደሆነ ይዩ። የሪሞቱ ቀፎ ከተቀየረ በኋላ በሩ ተከፍቶ ሞተሩ ካልተነሣ ደግሞ የቁልፉ ቺፕ፣ ባትሪ የማይፈልገው ትንሹ ጥቁር ነገር፣ አሮጌው ቀፎ ውስጥ ቀርቷል፤ ቆሻሻው ሳይደፋ ይፈልጉት።