ኪንግ ሊይዝህ ሲመጣ እጁን እይ

የአክስቴ ልጅ ቴከን የሚባለውን የድብድብ ቪዲዮ ጌም ስንጫወት ሁሌም የሚመርጠው ኪንግን ነው፤ ያንን የጃጓር ጭንብል ያጠለቀውን ታጋይ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዙሩ የሚያልቀው በአንድ መንገድ ነበር። ይጠጋኛል፣ እግሬን ይዞ ያሽከረክረኛል፣ አርቆ ይወረውረኛል፣ ከዚያ ሳልነሳ ይጨርሰኛል። ጃያንት ስዊንግ ይባላል። እኔ ያኔ ስያዝ የማደርገው ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነው፦ ጣቴ ያገኘውን በተን ሁሉ መቀጥቀጥ። አልፎ አልፎ ስለማመልጥ መቀጥቀጥ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር። አይሠራም፤ ያንን ካልተውክ ደግሞ ከዚህ በታች የምጽፈው ምንም አይጠቅምህም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሌይስቴሽን ጆይስቲክ ላይ ካሬው በተን የግራ ቡጢ ነው፣ ትሪያንግሉ የቀኝ። ከፊት የሚመጣብህን ግራብ፣ ማለትም ይዞ መጣልን፣ ለማስለቀቅ ከሦስት ነገር አንዱን ትጫናለህ፦ ካሬን ብቻ፣ ትሪያንግልን ብቻ፣ ወይም ሁለቱን አንድ ላይ። የትኛው እንደሚያስፈልግ የሚወስነው የግራቡ ዓይነት ነው። ጃያንት ስዊንግ በካሬ ይለቃል። ከቴከን 7 ወዲህ ሁሉም ተጫዋች ያለው ተራ ግራብ በካሬም በትሪያንግልም ስለሚለቅ እሱ ብዙም አያሳስብም። የሚያቃጥለው እንደ ኪንግ ያሉት የያዙት ልዩ ልዩ ግራብ ነው።

ጨዋታው የሚቆጥርልህ ቀድመህ የተጫንከውን ነው። ትሪያንግል የሚፈልግ ግራብ ላይ ካሬ ከቀደመ፣ ከዚያ በኋላ ትሪያንግሉን መቶ ጊዜ ብትደበድበው ዋጋ የለውም። ሁለቱን አንድ ላይ መጫንም ለሁሉም አይሆንም፤ አንድ ብቻ የሚፈልገውን አያስለቅቅም። እየቀጠቀጥክ ያመለጥክባቸው ጊዜያት ጣትህ በአጋጣሚ ትክክለኛው ላይ ቀድሞ ያረፈባቸው ናቸው።

ጊዜውስ? ቴከን በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ማለትም 60 ምስል፣ ይሄዳል። በቴከን 7 ከተያዝክ በኋላ 20 ፍሬም ይሰጥሃል፤ የሰከንድ አንድ ሦስተኛ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ተራው ግራብ እጁ እስኪደርስብህ 12 ፍሬም ይወስዳል። ሲደመር ከግማሽ ሰከንድ ትንሽ ያልፋል። ለማየት፣ ለመለየትና ለመጫን ይበቃል፤ የሚበቃው ግን ዓይንህ የት ማረፍ እንዳለበት አስቀድሞ ካወቀ ነው።

ማረፍ ያለበት እጅ ላይ ነው። የግራ እጁ ቀድሞ ከመጣ ካሬ። የቀኝ እጁ ከቀደመ ትሪያንግል። ሁለቱም እኩል ተዘርግተው ከመጡ ሁለቱንም በተን። አንዳንዱ ግራብ ላይ ሁለቱም እጆች ስለሚንቀሳቀሱ "ሁለቱም ናቸው" ብለህ ትቸኩላለህ፤ የቀደመውን ፈልግ። አንድ ተጨማሪ ፍንጭ ልስጥህ፦ ግራቡ የሚሠራበት በተንና የሚለቅበት በተን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ጃያንት ስዊንግን ለመሥራት መጨረሻ ላይ የሚጫኑት የግራ ቡጢን ነው፣ የሚለቀውም በግራ ቡጢ። በሁለቱም ቡጢ የሚሠራውን ሁለቱንም ተጭነህ ትወጣለህ።

ይህን ያየሁት ስጫወት አይደለም። ሰፈራችን ያለው ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ተሸንፌ ተነስቼ፣ ከአግዳሚው ወንበር ጀርባ ቆሜ ተራዬን እየጠበቅኩ ነበር። የአክስቴ ልጅ ሌላ ልጅ ላይ ኪንግን እየነዳ ነው። ጆይስቲክ እጄ ላይ ስላልነበረ ስለ ቡጢም ስለ እርግጫም አላስብም፤ ዝም ብዬ አያለሁ። ኪንግ ጠጋ አለና የግራ ትከሻው ወደ ፊት ወጣ፣ መዳፉ ተከፈተ፣ ክንዱ ተዘረጋ፣ ከዚያ ልጁ ተያዘ። ቀጥሎም እንዲሁ። በሦስተኛው ላይ ሳላስበው "ግራ!" ብዬ ጮህኩ፤ የሚጫወተው ልጅ ዞሮ አየኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ፊቴ ላይ የነበረ ነገር ነው። ስጫወት ዓይኔ ያለው የራሴ ሰው ላይና የደም መስመሩ ላይ ስለሆነ አይቼው አላውቅም ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ልምምድ ጆይስቲክ አይፈልግም። ተራህን ስትጠብቅ፣ ወይም ቤት ሆነህ የውድድር ቪዲዮ ስታይ፣ ግራብ በመጣ ቁጥር ድምፅህን አውጥተህ "ግራ"፣ "ቀኝ"፣ "ሁለቱም" በል። በሆድህ ከሆነ ራስህን ትሸነግላለህ፤ ከተያዘ በኋላ "አውቄው ነበር" ትላለህ። ድምፅ ከወጣ ቀድመህ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ ይታወቃል። እኔ አንድ ሳምንት ያህል ይህንን ብቻ ነው ያደረግኩት።

ከዚያ ወደ ልምምድ ሞድ ግባ። ኪንግን ተቃራኒ አድርገህ እንቅስቃሴውን ቅዳለት። መጀመሪያ ጃያንት ስዊንግን ብቻ ቅዳና 20 ጊዜ በካሬ አስለቅቅ፤ ይህ ለጣትህ ነው። ቀጥሎ በሁለቱም ቡጢ የሚሠራ ግራብ ጨምርና እያፈራረቀ እንዲያጫውትልህ አድርግ። የቀኙን ወዲያው አትጨምር። ሦስቱን ባንዴ የጀመረ ሰው በሦስተኛው ቀን ይሰለቻል፤ እኔም በመጀመሪያው ሙከራዬ የተውኩት ለዚህ ነው። በሁለቱ ከ20 ውስጥ 15 ማስለቀቅ ስትችል የቀኙን አስገባ። ያኔ ቁጥርህ ይወርዳል፣ እኔ ወደ 7 ወርጄ ነበር፤ አትደንግጥ። ልምምድ ሞድ ላይ ለመቀመጥ ሰዓት ከሌለህ ጓደኛህን ሁለተኛውን ጆይስቲክ አስይዘውና ለአምስት ደቂቃ ግራብ ብቻ እንዲያደርግብህ ለምነው። ከቀን አሥራ አምስት ደቂቃ አትለፍ፤ ዓይን ሲደክም ልምምዱ መገመትን ነው የሚያስተምርህ።

ሁለቱን በተን ባንዴ መጫን የሚያስቸግራቸው አሉ። አውራ ጣትህን በጫፉ ሳይሆን በጎኑ ካሬና ትሪያንግል ላይ አስተኛው። ካልሆነልህ የጨዋታው ማስተካከያ ውስጥ ገብተህ ሁለቱን ቡጢ ለአንዱ የላይ በተን፣ ለምሳሌ ለኤል 1፣ መስጠት ትችላለህ። እኔ እንደዚያ አደረግኩና ብዙ ስህተቴ በአንድ ቀን ጠፋ። ቴሌቪዥኑንም አትርሳ፦ ማስተካከያው ውስጥ ጌም ሞድ ካለው አብራው። ስዕሉን እያሳመረ የሚያዘገይ ቴሌቪዥን ላይ ካለችህ ግማሽ ሰከንድ ይቀንስብሃል።

ጨዋታ ውስጥ ስትገባ የሚያበላሽህ ዓይንህ ሳይሆን የራስህ ቡጢ ነው። ካሬን ደጋግመህ እየተጫንክ ሳለ ቢይዝህ፣ ቀድሞ የሚቆጠረው ያ ካሬ ሊሆን ይችላል። ተቃራኒህ ጠጋ ሲል ጣትህን አሳርፍ። ሁለት ሦስት ቡጢ ሊያስገባብህ ይችላል፤ ከጃያንት ስዊንግ ይሻላል።

በእጅ ማየት የማይፈታው ነገርም አለ። ከጀርባህ ከያዘህ ማስለቀቂያ የለውም፣ ስለዚህ ጀርባህን አትስጥ። ከጎን ሲይዝህ የሚቆጠረው የተያዝክበት ጎን ነው፦ በግራ ጎንህ ከሆነ ካሬ፣ በቀኝ ጎንህ ከሆነ ትሪያንግል። ግራብ እንደሚመጣ እርግጠኛ ከሆንክ ጎንበስ ብለህ ማሳለፍ ትችላለህ፤ ብዙው ግራብ የቆመን ሰው ነው የሚይዘው። ግን ጎንበስ ማለት ስታበዛ ወገብ ላይ የሚያርፈው ምት ይጠብቅሃል። የኪንግን ሰንሰለት ግራብ በተመለከተ፣ ከመጀመሪያው ካላመለጥክ አብዛኛው ተከታይ መያዣ የራሱ ማስለቀቂያ ይኖረዋል፤ እሱን በዓይን አታገኘውም፣ መሸምደድ ነው። ለጊዜው መጀመሪያውን ብቻ ያዝ።

የአክስቴን ልጅ በአንድ ዙር ሦስት ጊዜ ያስለቀቅኩት ቀን ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ "ወንበር እንቀያየር" አለኝ። ተቀያየርን፣ ስክሪኑ ላይም በቀኝ በኩል ሆንኩ፤ ቀጥሎ ከመጡት ጃያንት ስዊንጎች አንዱንም ማስለቀቅ አልቻልኩም። ለምን እንደሆነ የገባኝ ማታ ቤት ገብቼ ነው። በግራ በኩል ስቆም ኪንግ ወደ ግራ ዞሮ ስለሚያየኝ ወደ እኛ የሚቀርበው የግራ እጁ ነው። ዓይኔ "የግራ እጅ" ብሎ አልተማረም፣ "የቅርቡ እጅ" ብሎ ነው የተማረው። በቀኝ በኩል ስቆም ደግሞ የቅርቡ እጅ ቀኙ ነው፤ የግራው ከአካሉ ወዲያ በኩል ይመጣል። ጨዋታ መሀል ተሻግራችሁ ቦታ ስትቀያየሩም ያው ነው። ልምምድ ሞድ ላይ ከ20ው 10ሩን በቀኝ በኩል ቆመህ አድርግ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።