ፔዳሉ ሲሰምጥ መጀመሪያ የኋላውን ታምቡር ይዩ

የፒክአፕ ፍሬን ላላ ሲባል ጋራዥ ውስጥ ቀድሞ የሚሰማው «አየር ይዟል» ነው። ቀጥሎ «ማስተሩ ሄዷል» (ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው ሲሊንደር) ይመጣል። ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ። ግን ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር (ከጎማው ጋር የሚዞር ክብ ብረት) ባለው መኪና ላይ፣ በተለይ አቧራና ጭቃ ውስጥ በሚውል ሃይሉክስ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የኋላው ሸራ (ታምቡሩን ከውስጥ ተጭኖ የሚያቆመው) ከታምቡሩ መራቁ ነው። ፔዳሉ ያንን ክፍተት እስኪሞላ ድረስ ይወርዳል። አየር ቢያስወጡለትም ማስተር ቢቀይሩለትም ያው ነው። ብሩ ይወጣል፣ ፔዳሉ እዚያው ይቀራል።

ስለዚህ ቁልፍ ከማንሳትዎ በፊት በእግርዎ ይመርምሩ።

ፔዳሉ ምን ይላል?

መኪናውን ሜዳ ላይ ያቁሙ። ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን አንዴ በደንብ ይርገጡና ይልቀቁ። ወዲያው ይድገሙት።

መጀመሪያ ዝቅ ብሎ፣ ሲደገም ከፍ ብሎ ደርቆ ከቆመ የሸራ ክፍተት ነው። ማረጋገጫውም ቀላል ነው። የእጅ ፍሬኑን ጥቂት ሳብ ያድርጉና ፔዳሉን እንደገና ይርገጡ። የእጅ ፍሬኑ የኋላውን ሸራ ወደ ታምቡሩ ስለሚያስጠጋው ክፍተቱ ይጠባል። ፔዳሉ በዚህ ጊዜ ከፍ ካለ ነገሩ ተገኘ ማለት ነው። ወደ ታምቡሩ ይሂዱ።

ሲደገም ከፍ ቢልም ከእግር ሥር ላስቲክ ላስቲክ ካለ አየር አለ። ያረጀ የጎማ ቱቦም ሲረገጥ እየተነፋ ይህንኑ ስሜት ይሰጣል። አንድ ሰው ይርገጥልዎ፣ እርስዎ ቱቦውን በእጅዎ ይያዙት። ሲያብጥ ይሰማዎታል። የተሰነጠቀም ካለ አብሮ ይታያል።

ረግጠው እንደያዙት ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ከሄደ ጉዳዩ ከባድ ነው። ወይ የሚያፈስ ቦታ አለ፣ ወይ ማስተር ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጎሚኒ (ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ) አልቋል። አራቱም ጎማ ጋ፣ ቱቦዎቹም ላይ እርጥብ ነገር ከሌለ፣ የፍሬን ዘይቱም ካልቀነሰ፣ ማስተሩ ነው። ዘይቱ ጎሚኒውን እያለፈ ወደ ኋላ ይመለሳል። በዚህ ፔዳል «እስከ ቤት ብቻ» የሚባል ነገር የለም። መኪናው ይቁም።

ፔዳሉ ደርቆ መኪናው አልቆም ካለ ሌላ በሽታ ነው። ሞተሩን ያጥፉና ደጋግመው ይርገጡ። ከዚያ ረግጠው እንደያዙ ያስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው (በቫኪዩም እግርዎን የሚያግዘው) ደህና ነው። ካልወረደ ቫኪዩሙን ይከተሉ። በብዙ አሮጌ ናፍጣ ሃይሉክሶች ላይ የቫኪዩም ፓምፑ ከዲናሞው ጀርባ ነው። ዲናሞ ከተነካ በኋላ ፍሬኑ ከደረቀ እዚያ ይጀምሩ።

አንድ አሳሳች ምልክት አለ። ጠዋት ደህና የነበረው ፔዳል ቁልቁለት ላይ ስፖንጅ ይሆናል፣ ሲበርድ ይመለሳል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ወንዝ የሚወርድ ሰው ያውቀዋል። መንገዱ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወስዳል፣ እግር ደግሞ ከፍሬኑ አይነሳም። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ሳይፈላ ይችላል። ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ ራሱ ወደ 140 ይወርዳል። ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። ታች ደርሶ ሲበርድ ሁሉም ነገር ስለሚስተካከል ባለቤቱ ይረሳዋል። መፍትሄው ዘይቱን ጠቅላላ በየሁለት ዓመቱ መቀየርና ቁልቁለትን በከባድ ማርሽ መውረድ ነው። ሱቅ ውስጥ ተከፍቶ የቆየ ጣሳ አይግዙ። የሞተር ዘይት ጠብ ማድረግማ ጎሚኒውን ሁሉ አሳብጦ ሙሉውን መስመር ያስቀይርዎታል።

ታምቡሩን መክፈት

ሜዳ ላይ ይሁኑ። የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም ታኮ ያድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ። የኋላውን በክሪክ አንስተው ካባሌቶ (መኪናውን የሚሸከም የብረት መቆሚያ) ላይ ያሳርፉት፣ ጎማውን ይፍቱ። ክሪክ ለማንሳት እንጂ ለመሸከም አይታመንም።

ታምቡሩ አልወጣ ካለ ጠርዙን በመዶሻ አይደብድቡት። ፊቱ ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። 8 ሚሊሜትር ቡሎን ሁለት ያስገቡና ተራ በተራ፣ እኩል እያጠበቁ ይግፉት። ውስጡ ተበልቶ ጠርዝ ከሠራ ግን ሸራውን መጀመሪያ ማላላት ያስፈልጋል፤ እንዴት እንደሚላላ ወደ ታች አለ።

አቧራውን በኮምፕሬሰር መንፋት የጋራዥ ልማድ ነው። መጥፎ ልማድ ነው። አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። በውሃ አርጥበው በጨርቅ ይጥረጉት።

አሁን ይዩ። የሸራው ውፍረት ወደ 1 ሚሊሜትር ከደረሰ አልቋል። የታምቡሩ ትልቁ የተፈቀደ ስፋት ብረቱ ላይ ተጽፏል። ከዚያ ካለፈ ቶርኖ ቤት አይወስዱት፣ ይቀይሩት። ከላይ ባለችው፣ ሸራዎቹን በምትገፋው ትንሽ ሲሊንደር ጎንና ጎን ያለውን የአቧራ ጎሚኒ በቀጭን ካቻቢቴ ቀስ ብለው ያንሱት። ከሥሩ ዘይት ካቆረ ሲሊንደሩ ማፍሰስ ጀምሯል። ገና መሬት ላይ ጠብ ባይልም ይቀየራል።

ሸራው ላይ ዘይት ካገኙ ያሽትቱት። የፍሬን ዘይት ቀጭን ነው፣ ያን ያህል አይሸትም። ወፍራም ሆኖ የድኝ ሽታ ካለው የዲፈረንሻል ዘይት ነው። በአክሰሉ ፓራኦሊዮ (ዘይት ማገጃ ላስቲክ) አልፎ ነው የመጣው። ይህን ሳያዩ አዲስ ሸራ ያስገባ ሰው በወሩ ይመለሳል። ዘይት የጠጣ ሸራ ደግሞ በቤንዚን ቢታጠብም አይድንም። ይጣል።

ሸራው ለምን ራሱ አልጠበቀም?

ማስተካከያው ጥርስ ያላት ትንሽ ጎማ አለችው። ሸራው ሲበላ አጠገቧ ያለች ምላስ ጥርሷን እየገፋች ታጠብቃለች። በብዙ አሮጌ ሃይሉክሶች ላይ ይህ የሚሠራው የእጅ ፍሬን ሲሳብ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ስንቱ ሹፌር ነው ማርሽ ውስጥ አስገብቶ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ አድርጎ የሚሄደው? የእጅ ፍሬኑ ወር ሙሉ አይሳብም። ሸራው እየተበላ ይሄዳል፣ ማስተካከያው አይንቀሳቀስም፣ ፔዳሉ ይወርዳል።

የሚስቡት ሰዎችም ከችግሩ ነፃ አይደሉም። ከታምቡሩ ጀርባ የእጅ ፍሬኑ ካቦ የሚይዘው አጭር ክንድ አለ። ጭቃና ዝገት እዚያ ይደርቃል፣ ክንዱም ይጣበቃል። በእጅ ሲገፉት ሄዶ ራሱ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ፈትተው በብርጭቆ ወረቀት ያጽዱት፣ ስስ ግራሶ ይቀቡት።

ሌላው የተለመደ ጉድ የግራውና የቀኙ ማስተካከያ መቀያየሩ ነው። የሚሽከረከሩበት የቡሎን ጥርሳቸው ተቃራኒ ነው። ሲቀያየሩ ምላሷ በማጥበቅ ፈንታ ታላላለች። ሁለቱን ጎን በአንድ ጊዜ የሚፈታ መካኒክ በቀላሉ ያደባልቃቸዋል። አንዱን ጎን ጨርሶ ሌላውን ይክፈት። ያልተነካውን እያየ ሞላዎቹንም በቦታቸው ይመልሳል።

ማጥበቅ

ታምቡሩን ይመልሱ። ከኋላው ባለው ሽፋን ላይ የላስቲክ ክዳን ያላት ቀዳዳ አለች። ክዳኗን አውጥተው ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ያስገቡ፣ ባለ ጥርሷን ጎማ ያሽከርክሩ። ጠቅ፣ ጠቅ ትላለች። በሌላ እጅዎ ታምቡሩን እያዞሩ ይቀጥሉ። በእጅ አልዞር እስኪል ድረስ ያጥብቁት። ከዚያ ወደ ኋላ 8 ጥርስ ያህል ይመልሱ።

መመለሱ ላይ ብዙ ሰው ይቸገራል። ምላሷ ጥርሱን ስለያዘች ወደ ኋላ አትለቅም። ሁለተኛ ቀጭን ካቻቢቴ አስገብተው ምላሷን ገፋ አድርገው ይያዙ፣ በአንደኛው ይመልሱ። በጉልበት ከሄዱ ጥርሱን ይበሉታል፣ ከዚያ በኋላ ማስተካከያው ለጌጥ ነው የሚቀመጠው።

ሁለቱንም ጎን እንዲህ ካደረጉ በኋላ ፔዳሉን ጥቂት ጊዜ ይርገጡ። ሸራዎቹ መሃል ይይዛሉ። ታምቡሩን እንደገና ያዙሩት። ትንሽ ሽው ቢል ችግር የለውም። የሚያዝ ከሆነ አንድ ሁለት ጥርስ ወደ ኋላ ይመልሱ። ክዳኗን መመለስ አይርሱ፤ ጭቃው በዚያ ነው የሚገባው።

የእጅ ፍሬኑ ካቦ የሚነካው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። የላላ ሸራን በካቦ ማጥበቅ አቋራጭ ይመስላል። ግን ሸራውን ከማረፊያው አንስቶ ያስቀረዋል፣ ማስተካከያውም ሥራ ያቆማል። ሸራው ከተስተካከለ በኋላ በወንበሮቹ መሃል ያለው የእጅ ፍሬን ከ6 እስከ 9 ጠቅታ ላይ መያዝ አለበት። ከዳሽቦርዱ ሥር የሚሳበው አሮጌው ዓይነት ከዚህ በላይ ይሄዳል።

አሁንም ላስቲክ ካለ፣ አየር ያስወጡ

ከማስተሩ ከሚርቀው ይጀመራል። መሪው በግራ ለሆነ መኪና የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ ከዚያ የፊት ቀኝና የፊት ግራ። ከኋላ አክሰሉ በላይ ጭነቱን አይቶ የኋላውን ግፊት የሚመጥን ቫልቭ አለ። እሱም በብዙ ሞዴል ላይ የራሱ አየር ማውጫ አለው፣ ከኋላ ሁለቱ ቀጥሎ ይከፈታል። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው እሱ ነው። መኪናው ተንጠልጥሎ አየር አይወጣም፤ ቫልቩ ባዶ መኪና ነው ብሎ ግፊቱን ይቀንሳል። ጎማዎቹ መሬት ይንኩ።

አንዱ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ሌላው የአየር ማውጫውን ቡሎን ይከፍታል። «ያዝ!» ሲባል ይረገጣል፣ ቡሎኑ ተዘግቶ «ልቀቅ!» እስኪባል እግር አይነሳም። የዘይት ማጠራቀሚያው ባዶ እንዳይሆን እየሞሉ ይሂዱ። የፊት ካሊፐር (ዲስኩን የሚይዘው) ላይ አየር ማውጫው ወደ ላይ ማየቱን ያረጋግጡ። ወደ ታች ካየ ግራና ቀኙ ተቀያይረዋል፣ አየሩ ከላይ ተኝቶ ይቀራል። ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆልፍ የሚከላከለው ሥርዓት) ያለው መኪና ውስጥ አየር ወደ ኤቢኤሱ ከገባ በኮምፒውተር ማስከፈት ሊያስፈልግ ይችላል።

ባሌስትራ ጨምረው ከሆነ ደግሞ ያንን ቫልቭ ያስታውሱ። የኋላው ከፍ ስላለ መኪናው ተጭኖም ቫልቩ ባዶ ይመስለዋል፣ ለኋላው የሚሰጠው ግፊት ያንሳል። ክንዱ በጌጅ እየተለካ መስተካከል አለበት። ይህ የቤት ሥራ አይደለም።

ሲጨርሱ ሰው በሌለበት ቦታ በዝግታ ይሞክሩት። ከዚያ ለሃያ ደቂቃ ያህል ነድተው ይቁሙና እጅዎን ወደ ሁለቱ የኋላ ቸርኬዎች ጠጋ ያድርጉ፤ አይንኩ። አንደኛው ከሌላው በግልጽ ከጋለ ያ ጎን ጠብቋል። ሁለት ጥርስ ያላሉለት።