ዳቦ ቆሎው ለምን ዘይት ጠጣ? ከልጆች ጋር ቤት ውስጥ ስንሠራ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ክረምት መጣ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ዝናቡ ከደጅ አያስቆምም፣ ልጁ ስልኩን ከያዘ ደግሞ ማን ይቀማዋል? ያኔ ነው ወላጅ ተነስቶ "እስቲ ዛሬ አንድ ነገር አብረን እንሥራ" የሚለው። ጎሽ! እኔ ውሎዬ ከሕፃናት ጋር ስለሆነ ይህን ሲጀምሩ ብዙ ወላጆች አይቻለሁ። የሚያበላሹት ነገር ግን ያው ነው። አንዳንዱ ያስቃል። አንዳንዱ ሐኪም ቤት ያስገባል።

ዳቦ ቆሎን በለስላሳ ሊጥ መጀመር

ዳቦ መጋገር የለመደ እጅ ዳቦ ቆሎንም ያለሰልሰዋል። አይሆንም። የዳቦ ቆሎ ሊጥ ደረቅና ጠንካራ ነው፤ እርሾም አያስፈልገውም። ለአራት ኩባያ የስንዴ ዱቄት ግማሽ ኩባያ ዘይት፣ ግማሽ ኩባያ ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ውሃው ከአንድ ኩባያ በታች ነው የሚፈጀው። ያውም በአንዴ አይገለበጥም። ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ፣ ዱቄቱ "በቃኝ" ሲል ታቆማላችሁ። ጨብጣችሁ ስትለቁት እጃችሁ ላይ ከቀረ ውሃ በዝቷል። ለስላሳ ሊጥ ስታንከባልሉት ይጣበቃል፣ ስትቆርጡት ይጨፈለቃል፣ ስትጠብሱት ዘይት ይጠጣል።

በርበሬ የምትወዱ ከዱቄቱ ጋር ደባልቁት። አንዳንዱ ሰው መጨረሻ ላይ መጥበሻው ላይ ይነሰንሰዋል። በርበሬው ያርና ቤቱ በሙሉ ሲያስል ይውላል።

ሊጡ ከታሸ በኋላ ሸፈን ተደርጎ ሃያ ደቂቃ ያህል ይረፍ። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው። ያላረፈ ሊጥ ስታንከባልሉት ተመልሶ ይሰበሰባል፣ ልጁም ይሰለቻል። ካረፈ በኋላ በእርሳስ ውፍረት ይንከባለላል። ይህ የልጆች ሥራ ነው፤ አራት ዓመት የሞላው ልጅ አሳምሮ ይችለዋል። መቁረጡም የእነሱ ነው። ቢላዋ አያስፈልግም፤ ጫፉ ዱልዱም የሆነ የትምህርት ቤት መቀስ ታጥቦ ይበቃል። ቁራጮቹ ከሽምብራ ፍሬ ብዙ አይብለጡ፣ እርስ በርሳቸውም ይመጣጠኑ። አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ከሆነ ትንሹ ሲያር ትልቁ ውስጡ ጥሬ ነው። ዱቄት ነስነስ አድርጉባቸው፤ አለዚያ ተመልሰው አንድ ሊጥ ይሆናሉ።

እሳቱ ጋ ስንደርስ ልጆች ይርቃሉ። እዚህ ላይ ድርድር የለም። ልጅ በርጩማ ላይ ቆሞ ዘይት የሚፈላበት ድስት ውስጥ ሲያይ ካገኘሁ መጀመሪያ ምድጃውን ነው የማጠፋው። ሰላምታው በኋላ ይደርሳል።

ዘይቱ በጣም ከጋለ ዳቦ ቆሎው ላዩ ይጠቁርና ውስጡ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ካልጋለ ደግሞ ዘይቱን ይመጠዋል። አንድ ፍሬ ጣሉበት። ወዲያው ካረረ ቀንሱ፤ ዝም ብሎ ከተኛ ጠብቁ፤ በዙሪያው አረፋ እየሠራ ቀስ ብሎ ከተነሳ ደርሷል። ድስቱን አትሙሉት። የኔን ምርጫ ከጠየቃችሁኝ ግን ልጅ ባለበት ቤት የዘይት ጥብስ ይቅር። በሰፊ መጥበሻ፣ በለሰለሰ እሳት፣ ያለ ዘይት እያመሱ ማድረቅ ይቻላል። ኦቨን ያላችሁ በ180 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት ገደማ አቆዩት፣ መሐል ላይ አንዴ አገላብጡት።

የመጨረሻው ጥፋት ትኩሱን መክደን ነው። አንዲት እናት አራስ ልትጠይቅ ስትሄድ ከምድጃ ያወጣችውን ዳቦ ቆሎ እንደጋለ በፌስታል ቋጥራ ወሰደችው። ታክሲ ውስጥ ፌስታሉ ውስጡ አላበው። እዚያ ደርሳ ስትፈታው ጠብ ጠብ ይላል፣ ዳቦ ቆሎውም እንደ ማስቲካ ይታኘካል። ትሪ ላይ ዘርግታችሁ እስኪበርድ ጠብቁ። ሙሉ በሙሉ ከበረደ በኋላ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ቢቀመጥ ሳምንታት ይቆያል። ልጆቹ ካስቆዩት ማለት ነው።

"ልጄ ቆሎ ለምዷል" ማለት

ይህን ስንቴ እንደተናገርኩት አላውቅም። ዛሬም እናገራለሁ።

አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ደረቅ ቆሎ፣ ያልተፈጨ ኦቾሎኒና ፈንዲሻ አይሰጠውም። አሁን የሠራነው ዳቦ ቆሎም እዚሁ ውስጥ ነው። "ኧረ የኔ ልጅ ጎበዝ ነው፣ ያኝካል" ይሉኛል። ጎበዝነት ምን አገናኘው? የትንሽ ልጅ የአየር ቧንቧ ጠባብ ነው። መንጋጋው ገና እየወጣ ነው፣ ማላመጥም አልጠነከረም። ከዚያ ላይ ልጅ ዝም ብሎ አይበላም፤ ይስቃል፣ ይሮጣል፣ ያለቅሳል። አንዷ ፍሬ የምትገባው ያኔ ነው። ኦቾሎኒ ደግሞ እንደ ሳንቲም አይደለም፤ ራጅ ላይ ራሱ ላይታይ ይችላል። ልጁ ድንገት አስሎ ዝም ካለ በኋላ ጉንፋን ያዘው እየተባለ ሽሮፕ ሲጠጣ የከረመበትን ቤት አውቃለሁ። ኋላ ፍሬዋ የወጣችው በማደንዘዣ፣ በመሣሪያ ነው። ልጁ ደህና ነው፣ ተመስገን።

ከሁሉ የሚያናድደኝ የቡና ሰዓት ነው። ቄጤማው ይጎዘጎዛል፣ ፈንዲሻው ይበተንበታል፣ ደስ ይላል። የሚድኸውስ ልጅ? እሱ እኮ ወለሉ ላይ ነው ያለው! ትልልቁ ሰው ወሬውን ይዟል፣ ሕፃኑ ከቄጤማው መሐል እየለቀመ ወደ አፉ ይልካል። ፈንዲሻውን በሰፌድ አድርጋችሁ ከፍ ያለ ቦታ ብታስቀምጡት ቡናው አይቀዘቅዝባችሁም። ለትንንሾቹ የሚሰጥ ሞልቷል፦ በሶ በጥብጡላቸው፣ ለስልሶ የተፈጨ የኦቾሎኒ ቅቤ ዳቦ ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡላቸው። ሲበሉም ቁጭ ብለው ይብሉ።

ማርን ለጨቅላ ማቅመስ

ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በጣት ጫፍም ቢሆን አይቀመስም። ጨጨብሳ ላይ ያለውም ሆነ ቂጣ ውስጥ የተጋገረው ያው ነው፤ ማር ውስጥ ሊኖር የሚችለው የቦቱሊዝም (ጨቅላን የሚያሽመደምድ ከባድ መመረዝ) ተህዋስ ዘር በቤት የማብሰያ ሙቀት አይሞትም።

የመጫወቻ ሊጥን በዝናብ ወቅት ፀሐይ ላይ አደርቃለሁ ማለት

ሁለት ኩባያ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጨው፣ ጠብ ጠብ እያለ የሚጨመር ውሃና ትንሽ ዘይት። ለቢጫ እርድ፣ ለቀይ የቀይ ስር ውሃ። እርዱ ልብስ ከነካ አይለቅም፤ የቤት ልብስ ይልበሱ። በጨው የምትሳሱ አሉ፤ ጨው ያነሰው ሊጥ ቶሎ ይሻግታል።

ልጆቹ ጀበናም ውሻም ሠርተው "ይድረቅልን" ይላሉ። በሐምሌ ምን ፀሐይ አለ? ደጅ የተሰጣው ይሻግታል፣ የጋለ ምጣድ ላይ የተጣለው ደግሞ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ስለሚቀር ያብጥና ይሰነጠቃል። ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ ሥራው ስስ ይሁን፤ ድፍን ጀበና አይደርቅም፣ ጠፍጣፋ ጀበና ይደርቃል። ሁለተኛ፣ እንጀራ ተጋግሮ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ከጠፋ በኋላ እጅ የሚችለው ሙቀት ላይ ሲደርስ ወረቀት አንጥፋችሁ ደርድሯቸው። አክንባሎው ገርበብ ይበል። በማግስቱ ገልብጣችሁ ድገሙት።

ይህ ሊጥ ጨው ነው እንጂ ምግብ አይደለም። ሁሉን አፉ ውስጥ የሚከት ልጅ ካላችሁ ጊዜው አልደረሰም። ውሻ ካላችሁም ከአጠገቡ አርቁት፤ ያን ያህል ጨው ይጎዳዋል።

የካልሲ ኳስን በፌስታል መሙላት

ጨርቅ ጠቅጥቁበት፣ አፉን ጠምዝዙና ገልብጡት፣ እንደገና ጠምዝዙ፣ በመጨረሻ ስፉት። በፌስታል የተሞላ ኳስ ቀላል ስለሆነ አይነጥርም፣ አይበርም። ስፌቱ ሲለቅ ደግሞ ፌስታሉ የሚገኘው ትንሿ ልጅ ፊት ላይ ነው። የሽቦ መኪና ጎማ ለማድረግ የምትሰበስቡት ቆርኪም ከሕፃን እጅ ይራቅ።

ጀሪካን ላይ ተክሎ ቀዳዳ መርሳት

ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ጥሩ መትከያ ነው። ግን ሥሩን ሳይበሱ ይተክሉና በሦስተኛው ሳምንት "በሶብላዬ ቢጫ ሆነ፣ ውሃ ልጨምር?" ብለው ይጠይቁኛል። ሰምጦ ነው እኮ! በጋለ ሚስማር አምስት ስድስት ቦታ ብሱት፤ ይህን የሚሠራው ትልቅ ሰው ነው። ጭቃ አፈር ብቻውን ይደርቅና ድንጋይ ይሆናል፣ አሸዋና ፍግ አደባልቁበት። ከጣሪያ ጠፈጠፍ ስርም አታስቀምጡት።

ልጅ ትዕግሥት የለውምና ለመጀመሪያ ጊዜ ጤና አዳም አታስተክሉት። ቦሎቄ ይትከል። ቶሎ ስለሚበቅል ጠዋት ተነስቶ የሚያየው ነገር ያገኛል።

ጀሪካኑ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ይታጠባል። በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ደባልቃችሁ "የበለጠ ያጸዳል" የምትሉ፣ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ደግሞ ምንም ቢታጠብ አይተከልበትም።

የእንቁጣጣሽን ሥዕል ለጳጉሜን ማቆየት

መስከረም 1 ጠዋት ጎረቤት የሚዞርበት ሥዕል ጳጉሜን መጨረሻ ላይ ሲጀመር የሚሆነው ይታወቃል። ልጁ ሁለት ይሠራና ይደክመዋል፣ ቀሪውን አባት እስከ እኩለ ሌሊት ይስላል። አንዱ ጎረቤት ሥዕሉን አይቶ "ይህቺን እንኳ አባትህ ነው የሳላት" ሲለው ልጁ ሳያፍር "ሁሉንም እሱ ነው" አለ። የታተመ ገዝቶ ማስያዙ ደግሞ ይብሳል። ብሩን እኮ ጎረቤት የሚሰጠው ለማተሚያ ቤቱ አይደለም። ጠማማም ቢሆን የልጁ እጅ ይታይበት። ፀሐዩ አፍንጫና ጢም ካለውም ይኑረው።

የደብተር ወረቀት ውሃ ቀለም አይችልም፤ ይጨማደዳል፣ ቀለሙም ይዘረጋል። ወፈር ያለ ነጭ ወረቀት ግዙ። የአሮጌ ካላንደር ጀርባም የማያብለጨልጭ ከሆነ ያገለግላል። ቢጫው መጀመሪያ ይቀባ፣ አረንጓዴው ቢጫው ሲደርቅ ይከተል። አረንጓዴ የነካ ብሩሽ ሳይታጠብ ቢጫው ውስጥ ከገባ ለአደይ አበባ የሚሆን ቢጫ አይተርፍም። ሁለት ብርጭቆ ውሃ አስቀምጡ፣ አንዱ ለማጠቢያ፣ አንዱ ለቀለሙ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ጀምሩና በቀን አንድ ሁለት ይሥራ። ለስንት ቤት እንደሚያዞር ራሱ ይቁጠር፣ መበላሸቱ ስለማይቀር ጥቂት ትርፍ ይጨምር። የደረቁትን አንዱን በአንዱ ላይ ደራርባችሁ ከባድ መጽሐፍ ጫኑባቸው፤ የክረምቱ እርጥበት ወረቀቱን ይጠቀልለዋል።