አሳዛኝ ልብ ወለድን በዘፈን ወደሚተረክ አኒሜሽን ለመመለስ፦ ለሐዋሳ የኪነ ጥበብ ክበባት

አሳዛኝ ፍጻሜ ያለውን ልብ ወለድ በዘፈን የሚተረክ አኒሜሽን ለማድረግ የተነሣ ክበብ፣ እርሳስ ከማንሣቱ በፊት መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ፣ ገጸ ባሕርያቱ በንግግር ሊያወጡት ያልቻሉት ስሜት የት የት እንዳለ ምልክት ያድርግ፤ ዘፈን የሚገባው እዚያ ነውና። በሁለት ዐረፍተ ነገር የሚያልቀውን ጉዳይ ማዘፈን ተመልካቹን ያሰለቻል።

ለዚህ ጥሩ ትምህርት የሚሆነው ዲዝኒ በ1996 ከቪክቶር ሁጎ የ1831 ልብ ወለድ የሠራው በፓሪስ ያለው የኖትርዳም ካቴድራል ደወል ደዋይ ታሪክ ነው (ዘመኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በመጽሐፉ ደወል ደዋዩን ካዚሞዶን ያደነቆሩት ራሱ የሚደውላቸው ደወሎች ሲሆኑ፣ ፊልሙ ግን ጆሮውንም ድምፁንም መልሶለት፣ ከማማው ላይ ሆኖ ለአንዲት ቀን እንኳ ከሰው መካከል መዋልን እየተመኘ ያዘፍነዋል። ካዚሞዶን ያሳደገው ፍሮሎም በመጽሐፉ ለታሰረችው ጨፋሪ ለኤስሜራልዳ በረጅም ንግግር ያፈሰሰውን ምኞትና ሥቃይ፣ በፊልሙ ብቻውን እሳት ፊት ቆሞ ይዘፍነዋል። አለን ሜንከን በዜማ፣ ስቲቨን ሽዋርትዝ በግጥም የሠሩት ይህ ዘፈን ጸሎትንና ክስን በአንድ አፍ ስላስተባበረ፣ በእኔ እምነት የፊልሙ ቁንጮ እርሱ ነው።

ፍጻሜውን በተመለከተ፣ ሁጎ በስቅላት የገደላትን ኤስሜራልዳን ፊልሙ በሕይወት አቆይቷታል። ሁጎ ራሱም በ1836 ለታየው የሉዊዝ በርተን ኦፔራ ድርሰቱን ሲጽፍ ከስቅላቱ አድኗታል። ስለዚህ መለወጥ በራሱ ነውር አይደለም፤ ሆኖም ልጆች ይከፋቸዋል በሚል ብቻ ሞቱን አትሰርዙት። ገመዱን ማሳየት አያስፈልግም፤ የሟቿን ዜማ መሐል ላይ ማቋረጥ ይበቃል።

ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ቅኝት ምረጡለት። የደወል ደዋዩን ናፍቆት የትዝታ ቅኝት ይሸከመዋል፤ ለፍሮሎ ጭንቀት ግን የአንቺ ሆዬ የተጠጋጉ ድምፆች ይስማማሉ። ግጥሙ በስድስት ስድስት ቀለም (የፊደል ድምፅ) በሚከፈለው የወል ቤት ቢጻፍ ለዘፋኙም ለሠዓሊውም ትንፋሽ የሚወሰድበትን ቦታ ያሳያል።

ሥዕል የሚጀመረው ድምፁ ተቀድቶ ካለቀ በኋላ ነው፤ የአፍና የእጅ እንቅስቃሴ ዘፈኑን ይከተላልና። በሴኮንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ቆጥራችሁ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ብታቆዩት እንኳ፣ የሦስት ደቂቃ ዘፈን ለአንድ ተንቀሳቃሽ ገጸ ባሕርይ 2,160 ሥዕሎች ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ለጀማሪ አንድ ደቂቃ ተኩል ይበዛል እንጂ አያንስም።

ለእንቅስቃሴ ጥናት በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ሂዱ። አባ ኮዳ የተባለው ትልቅ ወፍ ክንፉን አጥፎ፣ አንገቱን ወደ ትከሻው ሰብስቦ፣ ዓሣ አጽጂዎቹ የሚጥሉትን ራስ ሲጠባበቅ፣ አንድ እግሩን አንሥቶ መልሶ እስኪያሳርፍ ያለውን ዝግታ በተከታታይ ንድፍ ያዙት፤ ከዚህ የተሻለ የፍሮሎ አረማመድ አይገኝም።

ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ንድፎቹን ከዘፈኑ ጋር ገጣጥማችሁ መጽሐፉን ላላነበቡ ሰዎች አሳዩ። ማን ምን እንደ ፈለገና ምን እንደ ከለከለው ከዘፈኑ ብቻ መናገር ካልቻሉ፣ ግጥሙን እንጂ ሥዕሉን አታርሙ።