ማጭድ የሆነችውን የአጥቢያ ኮከብ ከደሴ እንዴት ማየት ይቻላል

ሲመሽ ከጦሳ ተራራ በላይ ከሁሉም ቀድማ የምትበራው፣ በሌላ ወር ደግሞ ሊነጋጋ ሲል በአዝዋ ገደል በኩል ብቅ የምትለው የአጥቢያ ኮከብ ኮከብ አይደለችም። ጎረቤታችን ፕላኔት ቬነስ ናት። እንደ ጨረቃ ትሞላለች፣ ትጎድላለች፤ ጋሊሊዮ ይህን ያየው በ1610 (እ.ኤ.አ.) ነው። ማጭድ ስትሆን ለማየት ባይኖኩላር ይበቃል።

ወሩን መምረጥ። የቬነስ ዑደት 584 ቀን ነው። ማታ ማታ መታየት ስትጀምር ሩቅና ትንሽ ስለሆነች በባይኖኩላር ነጥብ ብቻ ናት። የሚፈለገው ከምሽቱ ሰማይ ልትጠፋ አንድ ወር ገደማ ሲቀራት ነው፤ ያኔ በእኛና በፀሐይ መካከል ለመግባት ስለምትቃረብ ትተልቃለች፣ ትቀጥናለች። ቀኑን ስልክ ላይ ስቴላሪየም በሚባለው የሰማይ ካርታ መተግበሪያ ታገኙታላችሁ።

መሣሪያ። 10 በ50 የሚባለው፣ ማለትም 10 ጊዜ የሚያቀርብና የፊት መስታወቱ 50 ሚሊሜትር የሆነው ባይኖኩላር ጥሩ ነው። ለልጆች የሚሸጠውን የፕላስቲክ ቴሌስኮፕ አትግዙ፤ እግሩ ስለሚንቀጠቀጥ ምንም አያሳይም። ጋቢ አጥፋችሁ አጥር ላይ አድርጉና ክርናችሁን አስደግፉ።

ቦታ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጭብጣችሁን ከጦሳ ጫፍ ጋር አስተያዩ። አንድ ጭብጥ 10 ዲግሪ ያህል ነው፤ ተራራው በአንድ ጭብጥ ከፍ ባለ ቁጥር ቬነስ 40 ደቂቃ ያህል ቀድማ ትጠልቅባችኋለች። ስለዚህ ከጦሳ ሥር ራቁ፣ ወደ አዝዋ ገደል ወገን ውጡ።

ሰዓት። እኔን ያስቸገረኝ ይሄ ነው። ኮከብ የሚታየው በጨለማ ነው ብዬ ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ድረስ ጠበቅሁ። ባይኖኩላሩ ውስጥ ያየሁት ዙሪያውን እሾህ ያበቀለ፣ የሚርገበገብ ብርሃን ነበር። መስታወቱን ወለወልሁ፣ ትኩረቱን አዟዟርሁ፣ ለውጥ የለም። መሣሪያው ተበላሽቷል ብዬ ለባለቤቱ ልመልስ ነበር።

ጥፋቱ የጨለማው ነው። ቬነስን የሸፈነው የሰልፈሪክ አሲድ ደመና ከሚያርፍበት የፀሐይ ብርሃን ሦስት አራተኛውን ያህል መልሶ ይረጨዋል። ሰማዩ ሲጠቁር ያ ብርሃን ዓይን ይወጋል፣ ቅርጿን ይውጠዋል። ሰማዩ ገና ሰማያዊ ሳለ ግን ነጸብራቁ ይለዝባል። በማግስቱ ፀሐይ እንደገባች፣ ሰፈሩ ገና መብራት ሳያበራ አነጣጠርሁ፤ እንደ ረመዳን የመጀመሪያ ማታ ጨረቃ ቀጭን፣ ጥርት ያለች ማጭድ። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ እናቴን ጠርቼ አሳየኋት።

ያ ደመና ሥር ያለው መሬት 465 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይግላል። አየሩ ከ96 በመቶ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ ሙቀቱ መውጫ የለውም፤ ግፊቱም የእኛን 90 ጊዜ ያህል ነው። በ1982 (እ.ኤ.አ.) ያረፈችው የሶቪየት መንኮራኩር ቬኔራ 13 የሠራችው ለ127 ደቂቃ ብቻ ነው።

በየሦስት ቀኑ ያያችሁትን በእርሳስ ሣሉ፣ ቀኑን ጻፉበት፤ መቅጠኗን ከወረቀቱ ታዩታላችሁ። ከምሽቱ ጠፍታ ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ በንጋት በምሥራቅ ስትመለስ ደግሞ እጅግ ተጠንቀቁ። ማታ ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ናት፤ ጠዋት ግን በገደሉ አናት ላይ ሳይታሰብ ብቅ ትላለች፣ በባይኖኩላር አንድ ጊዜ ማየትም ዓይን ያጠፋል። የገደሉ ጠርዝ መንጣት ሲጀምር ባይኖኩላሩን አውርዱ። ልጅ አብሯችሁ ካለ ደግሞ ከእጁ ተቀበሉት።