በየጎፍ ደን ሰዎችን በዝግታ ማስጓዝ፦ ጉዞውን ለሚመሩ የተዘጋጀ መመሪያ

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል የሚገኘው የጎፍ ተራራ፣ ከጥንት የተረፈ የጥድና የወይራ ደን የተሸከመና አናቱ ወደ 3000 ሜትር ከፍታ የሚደርስ በመሆኑ፣ የሁለቱም ከተማ ነዋሪ ዘወትር በዓይኑ የሚያየው ስፍራ ነው፤ ሆኖም እንጨት ለመልቀም ወይም የጠፋ ከብት ለመፈለግ ካልሆነ በቀር ብዙ ሰው እግሩን አያነሣበትም። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ጥቂት ሰዎችን ይዞ ወደ ደኑ በመግባት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ወይም ሦስት ሰዓት ያህል በዝግታ አስጉዞ፣ ከዛፉ፣ ከአፈሩና ከወፉ ጋር እንዲቀራረቡ ማድረግ የሚፈልግን ሰው ነው። እንዲህ ዓይነቱን ጉዞ የሚመራ ሰው ዋና ችሎታው ማዝገምና ዝም ማለት ሲሆን፣ ሁለቱም ከሚታሰበው በላይ ከባድ ናቸው።

አሠራሩ ሰፊ ዕውቅና ያገኘው የጃፓን የደን አስተዳደር በ1982 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ ለጤናው ሲል በደን ውስጥ በእርጋታ እንዲመላለስ ማበረታታት ከጀመረ ወዲህ ነው። ሮጀር ኡልሪክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪም በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሕሙማን መካከል በመስኮታቸው ዛፍ የሚታያቸው፣ የጡብ ግድግዳ ከሚታያቸው ይልቅ ቀደም ብለው ከሆስፒታል እንደወጡና ብርቱ የሕመም ማስታገሻም በጥቂቱ እንደወሰዱ አሳይቷል። ይህን ለተጓዦች መንገር ይቻላል፤ ነገር ግን ደም ግፊትን ወይም ስኳርን ያድናል ብሎ ተስፋ መስጠት አይገባም። መድኃኒት የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን ይዞ ይመጣል እንጂ በጉዞው አይተካውም።

ከሁሉ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቁ። የጎፍ በመንግሥት የሚጠበቅ ደን ስለሆነ፣ ደኑን የሚያስተዳድረውን መሥሪያ ቤትና የሚገቡበትን ቀበሌ ሳያስታውቁ ሰው ይዞ መግባት ከጥበቃዎች ጋር ያጋጫል፤ የአካባቢውን የጸጥታ ሁኔታም ከጉዞው ቀን በፊትና በዚያው ጠዋት ከቀበሌው ማረጋገጥ ያስፈልጋል። መልሱ የሚያጠራጥር ከሆነ ጉዞውን ያለ ማመንታት ይሰርዙ።

ቀጥሎ መስመሩን መምረጥ ይመጣል፤ በእኔ ግምት ከዝግጅቱ ሁሉ ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይኸው ነው። በተራራው ላይ በሰው እጅ የተተከለውን የፈረንጅ ጥድና ባሕር ዛፍ ከነባሩ ደን መለየት አያዳግትም። የተተከለው በረድፍ የቆመ፣ ዕድሜው እኩል የሆነና ከሥሩ እምብዛም የማይበቅልበት ሲሆን፣ በነባሩ ደን ግን ያረጀ ጥድ፣ ጎንበስ ያለ ወይራ፣ ገና የበቀለ ችግኝ፣ የወደቀ ግንድና በላዩ የተንሰራፋ የዛፍ ሽበት ሁሉ ተቀላቅለው ይገኛሉ። ጉዞው ለነባሩ ክፍል ነው፤ ይሁን እንጂ ከተተከለው ተነሥቶ ወደ ነባሩ የሚያሻግር መስመር ከተገኘ፣ ተጓዡ ልዩነቱን ማንም ሳይነግረው በጆሮውና በቆዳው ያገኘዋል፤ የወፉ ድምፅ ይበዛል፣ አየሩም ይረጥባል። የመስመሩ ርዝመት ከሁለት ኪሎ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ዳገቱ የለዘበ ይሁን፤ ኮምቦልቻ በ1850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ በ2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ ለደሴ ሰው ምንም ያልመሰለው አቀበት የኮምቦልቻውን ትንፋሽ ሊያሳጥረው ይችላል። መስመሩን ብቻዎን ሆነው ይሂዱበት፤ ሳማ የበዛበትን፣ የጥድ ቅጠል ተከምሮ የሚያንሸራትትበትንና አንድ አረጋዊ ዐረፍ ሊሉ የሚችሉበትን ቦታ ሁሉ ይመዝግቡ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያሉት ሳምንታት ተስማሚ ናቸው፤ ምድሩ ገና አልደረቀም፣ ዝናቡም ቆሟል። በታኅሣሥና በጥር የማለዳው ውርጭ ስለሚበረታ መነሻውን ወደ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገፋ ማድረግ ያስፈልጋል፤ የበልግ ዝናብ በሚጥልበት ወቅት ደግሞ ሰማዩ ከረፋዱ በኋላ ስለማይታመን በአንድ ሰዓት ተነሥቶ ከቀትር በፊት መመለስ ይበጃል። ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀናት ስለሆኑ፣ ዓርብም የጁምዓ ሶላት ስላለበት፣ ለተቀላቀለ ቡድን ቅዳሜ ጠዋት የተሻለ ነው። የተጓዦቹ ቁጥር ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ቢሆን ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ የኋለኛው ከፊተኛው ጋር ለመድረስ መሮጥ ይጀምራል፣ ወሬም ይበዛል።

በደኑ ጫፍ እንደተደረሰ ሰዎቹን ክብ አቁመው፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆዩ፣ የት እንደሚያርፉ፣ ማንም በማንኛውም ሰዓት ትቶ መቀመጥ እንደሚችል በአጭሩ ይንገሯቸው። ስልክ ይጠፋል፤ የመሪው ብቻ ለድንገተኛ ጉዳይ ክፍት ሆኖ ይቆያል። በውጭ አገር ልማድ በዚህ ጊዜ ዓይን ጨፍኖ ማዳመጥ የተለመደ ነው። እኛ ዘንድ ግን ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ የደረሰ በመሆኑ፣ በጫካ መካከል ዓይኑን መጨፈን የሚያስጨንቀው ሰው በቡድኑ ውስጥ መኖሩን አስቀድሞ መገመት ይገባል። ስለዚህ «ዓይናችሁን ጨፍኑ» ከማለት ይልቅ «ከፈለጋችሁ መሬቱን እያያችሁ አዳምጡ» ይበሉ። ድንገት የተሰበረ ቅርንጫፍ ያስደነገጠው ሰው ካለም ምክንያቱን አይጠይቁት፤ ከጎኑ ቆመው ትንፋሹ እስኪመለስ ይጠብቁት።

ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ተግባር እጅግ በዝግታ መራመድ ነው። አንድ መቶ እርምጃ ያህል ርቀት በሩብ ሰዓት እንዲሄዱ ይጠይቋቸው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሳቅ ይነሣል፣ አንዳንዱም ይሰለቻል፤ መሪው ይህን ለመሸፈን ማብራሪያ መስጠት ከጀመረ ነገሩ ተበላሸ። ይታገሡ። ጥቂት ቆይቶ ሳቁ ይበርዳል፣ ሰዎቹም አንድ በአንድ ጎንበስ ማለት ይጀምራሉ።

የዳሰሳውና የማሽተቱ ክፍል በየጎፍ እጅግ ሀብታም ነው። የጥድ ቅርፊት በቀጫጭን ሰቅ እየተላጠ ስለሚንጠለጠል፣ ሳይነቅሉ በጣት ብቻ ሲነኩት ከሥሩ የጉንዳን መንገድ ይታያል፤ መሬት የወደቀውን ጥቁር ሰማያዊ ፍሬውን ፈጭቶ ወደ አፍንጫ ማቅረብም ይቻላል። የወይራ ቅጠል ፊቱ ጠቆር ብሎ የሚያብለጨልጭ አረንጓዴ ሲሆን ጀርባው ወደ ቡናማ ያደላል፤ አንዱን ቅጠል ከወደቀበት አንሥተው ወደ ብርሃን እንዲያነሡትና እንዲያገላብጡት ያድርጉ። በዚህ ጊዜ ከተጓዦቹ መካከል እናቶች ካሉ፣ የወተት ዕቃ ወይም የጠላ ጋን በወይራ ጭስ ሲታጠን የሚወጣውን ሽታ ማንሣታቸው አይቀርም። እንዲናገሩ ይተዉአቸው፤ ስለ ወይራ ከመሪው ይልቅ እነርሱ ያውቃሉ። የዛፉን ስም ለሚጠይቅ ሰው ስሙን መንገር ይገባል፤ ሳይጠየቁ ግን በየዛፉ ሥር ቆሞ ስም መደርደር ተጓዡን ወደ ክፍል ተማሪነት ይመልሰዋል። ምንም ነገር እንዳይቀጠፍና የማያውቁት ፍሬ ወደ አፍ እንዳይገባ ግን ገና ሲጀመር በግልጽ መነገር አለበት።

ከዚህ ቀጥሎ እያንዳንዱ ሰው እርስ በርስ በማይነጋገሩበት፣ ነገር ግን ከመሪው ዓይን በማይሰወርበት ርቀት፣ ብቻውን ሃያ ደቂቃ ይቀመጥ። ከመሬቱ እርጥበት የሚከላከል ማዳበሪያ ወይም ጋቢ ቢኖር መልካም ነው። ሶረኔ ወይም ግንደ ቆርቁር ሊሰማ የሚችለው፣ ቆቅም ከቁጥቋጦው የምትወጣው ሰው ሁሉ ጸጥ ሲል ስለሆነ፣ ሃያውን ደቂቃ ወደ ዐሥር አያሳጥሩት። መመለሻውን በፉጨት ሳይሆን ለስለስ ባለ ጥሪ ያሳውቁ።

በመጨረሻ ክብ ሠርቶ መቀመጥና ቡና መጠጣት ይከተላል፤ ወሎ ላይ ሆኖ ይህን መዝለል አይታሰብም። ቡናው ግን ከቤት ተፈልቶ በፔርሙዝ ይምጣ። የጥድ ቅጠልና ቅርፊት ዘይት ስላለው፣ ከሥሩ የተከመረው ደረቅ ጉድፍም ፈጥኖ ስለሚቀጣጠል፣ በደኑ ውስጥ ከሰል ማንደድ አይገባም፤ ለዕጣንም ቢሆን። በረመዳን ወር ሲሆን ቡናው ቀርቶ ክቡ ብቻ ይቀመጥ። ከመሬት የተነሣ አንድ እንጨት ከእጅ ወደ እጅ ይዙር፤ የያዘው ሰው ያየውን ወይም የሰማውን ይናገር፣ መናገር ካልፈለገም ያሳልፈው። ልማዳችን ታላቅን ማስቀደም ነው፤ ሆኖም አዛውንቱ መጀመሪያ ከተናገሩ ወጣቱ «እሳቸው እንዳሉት» ብሎ ስለሚያልፍ፣ እንጨቱን ከወጣቶቹ በኩል አስጀምሮ ምርቃቱን ለአዛውንቱ መተው ሁለቱንም ያስከብራል።

በመንገድ ላይ እረኞችና እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ይገጥሟችኋል። ቆም ብሎ ሰላምታ መስጠትና መንገድ መልቀቅ ይገባል፤ ዝምታ ላይ ነን ብሎ ማለፍ ነውር ነው፣ ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሣትም እንዲሁ። ከተጓዦቹ የሚሰበሰብ ክፍያ ካለ፣ መንገድ ለሚያሳይ የአካባቢው ወጣት የሚከፈለው ከዚያው ይነሣ፤ መጠኑንም ከጉዞው በፊት ተስማሙበት።

ጉዞው በተፈጸመበት ቀን ማታ፣ ሰው የተንሸራተተበትን ቦታ፣ ፀሐይ ወደ ማረፊያው የደረሰችበትን ሰዓትና ከተግባሮቹ ረዝሞ ወይም አጥሮ የተገኘውን ይጻፉ። ክረምት ካለፈ በኋላ ግን በማስታወሻው ብቻ ተማምነው ሰው ይዘው አይግቡ፤ ጎርፍ መንገዱን ስለሚቆርሰው፣ መስመሩን በመስከረም ዳግመኛ በእግርዎ ይፈትሹት።